ከከንፈር ወዳጅ እስከ ጀንጃኝ

አማርኛ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። ሆኖም በክልሉ በኑዌርኛ፣ በአኙዋክኛ ወይም በመዠንግርኛ አፉን የፈታው ሰው አማርኛን የሚያገኘው ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ሲሆን፣ የአደባባዩ ቃል ሁልጊዜ ከመጽሐፍ አይገኝም። አንዲት ወጣት ፍርድ ቤት ቀርባ «ለከፈኝ» ብትል፣ አስተርጓሚው የሚያውቀው የውሻንና የዛርን ልክፍት ብቻ ከሆነ አቤቱታዋ ከመንገድ ይቀራል። ስለ ፍቅር የሚነገሩ የአራዳ ቃላት «የዱርዬ አነጋገር» ተብለው እንዳይታለፉ የምንሻው ስለዚህ ነው።

ነባሩ የጋብቻ ቃላችን በአብዛኛው የወላጆች ነው፤ ማጨት፣ ሽማግሌ መላክ፣ ጥሎሽ። የገጠሩ ወጣት ግን ለራሱ ያበጀው ስም ነበረው፤ ይኸውም «የከንፈር ወዳጅ» ነው። ስሙ ወሰኑን ራሱ ይናገራል፤ ከከንፈር ማለፍ አይፈቀድም። ይህን «ውሽማ» ብሎ የሚተረጉም ሰው በልጅቱ ላይ ነውር ይጭንባታል፤ «ጓደኛ» የሚል ደግሞ ከንፈሩን ያስቀርባታል። ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠው «የወንድ ጓደኛ»ም፣ በእኛ አስተያየት፣ ከዚህ የተሻለ አይደለም።

አራዳ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በአዲስ አበባ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ ነው። ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ ስም የብልጥ ከተሜ መጠሪያ ሆነ፤ አነጋገሩም «የአራዳ ቋንቋ» ተባለ። «ጀነጀነ» በጣፋጭ ቃል ማባበል ነው፤ «ጠበሰ» ግን ልብን እስከ መርታት ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥረቱን፣ ሁለተኛው ውጤቱን ያመለክታል ማለት ነው። ከሥጋና ከእሳት የተወሰደው ምሳሌ ለሊቃውንት ጆሮ ሻካራ ሊሆን ይችላል፤ ዳሩ ግን የቃሉ እርባታ ልብ ሊባል ይገባዋል። «ተጀናጀኑ»፣ «ተጣበሱ» ሲባል ሁለቱም ወገኖች ፈቃደኞች ናቸው።

«ለከፈ» እና «ጠለፈ» ከዚህ ይለያሉ። «ተላከፉ» ቢባል ነገር መፈላለግ እንጂ ፍቅር አይደለም፤ «ተጠላለፉ»ም የክር ወይም የእግር ነገር ነው። ሰዋስው እዚህ ላይ ከሕጉ ቀድሟል ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር፤ ይህን ያስቀረው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው።

ስለሆነም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚከተለውን ፍች እናቀርባለን፦

ለከፈ፤ ግሥ። 1. (ውሻ) ነክሶ በሽታ አስያዘ። 2. (ዛር፣ መንፈስ) ያዘ፣ አሳመመ። 3. (ያራዳ) ሳይፈቀድለት በመንገድ ላይ በቃል ወይም በእጅ ተተናኮለ። «ጀነጀነ»ን ተመልከት፤ አንድ አይደሉም።