ብቻውን በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው ሞተር ብስክሌትን ስለ ማዘጋጀት



ለመስክ ሥራ ወደ ቆላ አገር የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ መንገደኛ ጓዙን ሲያሰናዳ «ምናልባት ቢያስፈልግ» እያለ የሚጨምረው ዕቃ በእርግጥ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። በላንድሮቨር ለሚጓዝ ይህ ብዙ አይጐዳውም። ብቻውን በትንሽ ሞተር ብስክሌት በረሃ ሊያቋርጥ ለተነሣ ሰው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታኅሣሥ 2 ቀን 1927 ዓ.ም. ቴሬሳ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያት ከለንደን ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካ አመሩ። የያዙት ፓንተር የተባለ 600 ሲ.ሲ. ሞተር ብስክሌት ሲሆን፥ በጎኑ የሰው መቀመጫ ጋሪ ተገጥሞለት፥ ከኋላውም ዕቃ የሞላበት ተሳቢ ይጐትት ነበር። ኮምፓስ እንኳ ሳይዙ ሰሐራን አቋርጠው በሐምሌ ወር ኬፕታውን ገቡ። ያን ሁሉ ጓዝ ያሻገራቸው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ሁለት መሆናቸው ነው፤ ጐማው በአሸዋ ቢሰጥም አንዷ ስትነዳ ሌላይቱ መግፋት ትችላለችና። ለብቸኛው መንገደኛ የሚገፋለት የለም።

ስለዚህ የዚህ ሰው የመጀመሪያ ፈተና በገዛ ግቢው ውስጥ ነው። ጭነቱን ሁሉ አስሮ ካበቃ በኋላ ሞተሩን በለስላሳ አፈር ላይ ያጋድመውና ያለ ማንም ርዳታ ያንሣው። ካቃተው ዕቃ ይቀንስ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በሐሩር የሚጓዝ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ያሻዋል፤ የአራት ቀን ውሃ ብቻ 20 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሃያ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ከእነዚህ መቀነስ ስለማይቻል፥ የሚቀነሰው ልብሱ፥ ድስቱና ወፍራሙ መጽሐፍ ነው። የተረፈውም ወደ ታችና ወደ መካከል ይጠጋ እንጂ ከኋላው ጐማ ወዲያ አይንጠልጠል፤ ያለዚያ የፊቱ ጐማ ይቀልልና መሪው አልታዘዝ ይላል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው የጐማው ነገር ነው። ነፋስ ጢም ብሎ የሞላው ጐማ አሸዋውን እንደ ቢላዋ እየቈረጠ ይሰጥማል፤ ነፋሱ ሲቀነስለት ግን እንደ ግመል ኰቴ ተዘርግቶ ላይ ላዩን ይሄዳል። ይሁን እንጂ አሸዋው አልቆ ድንጋይ ሲመጣ መልሶ ካልተነፋ፥ ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቈንጥጦ ይቀደዳል። በዚህ ምክንያት አንዲት የእጅ መንፊያ ከብዙ መለዋወጫ ትበልጣለች። ካቴናውንም ዘይት ማጥገብ ደግ አይደለም፤ ዘይቱ የያዘው አሸዋ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። የአየር ማጣሪያውም በየማታው መጽዳት ይኖርበታል። እነዚህን ሥራዎች ከመነሣቱ በፊት በእጁ ያልለመደ ሰው ጎሚስታ በሌለበት አገር ምን ሊያደርግ ነው?

ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. 500 ሲ.ሲ. በሆነ ትራያምፍ ታይገር ከለንደን ሲነሣ ዕድሜው 42 ዓመት ነበር። ሞተር ብስክሌት መንዳት የተማረውም ለዚሁ ጉዞ ሲል ነው። በዚያው ዕለት የግብፅና የሶሪያ ጦር ከእስራኤል ጋር ጦርነት ገጠመ፤ የእርሱም መንገድ በግብፅ በኩል ነበር! ይህን የመሰለውን ነገር ማንም መንገደኛ በሣጥኑ ሊያሰናዳለት አይችልም።

ሆኖም ግብፅን አልፎ ሱዳን ገባ። ከአትባራ እስከ ከሰላ ያለው፥ በአየር መስመር እንኳ ከ350 ኪሎ ሜትር የማያንሰው አገር፥ የአሸዋ መንገድ ነበረ። በዚያም ደጋግሞ ወደቀ፤ በወደቀም ቍጥር ያን ሁሉ ጓዝ የተሸከመ ሞተር በሐሩር ማንሣት ነበረበት። በለንደን ሳለ እያንዳንዱ ዕቃ ያስፈልጋል ተብሎ የተጫነ ነው፤ በአትባራ በረሃ ግን ሁሉም ክብደት ሆነ። በየመንደሩ ያሉ የሱዳን ሰዎች እየተቀበሉ አሳረፉት።

ከከሰላ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወረደና ድንበሩን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ እስከ ጎንደር ድረስ አሸዋው ቀርቶ ድንጋዩና ዳገቱ ጀመረው።