ያሜሪካ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ቈጠራ፤ ከ1955 እስከ 2022

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ስለ አደንና ስለ ዓሣ ማጥመድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንድ ሰንጠረዥ ሳይጠቅስ አያልፍም። ይህም ያገሪቱ የዓሣና የዱር አራዊት አገልግሎት መሥሪያ ቤት ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ፣ ያስጠናው የናሙና ቈጠራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሰንጠረዡን ከላይ ወደ ታች የሚያነብ ሰው የአዳኙ ቍጥር ሲወጣና ሲወርድ ያይና ምክንያቱን ከከተማ መስፋፋት፣ ከኑሮ መለወጥና ከወጣቱ ጠባይ ይፈልጋል። እኔ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ከታላላቆቹ ለውጦች አንዳንዶቹ የተደረጉት በመጠይቁ ላይ መሆኑን ነው።

አስቀድሞ ስለ ገንዘቡ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1937 በወጣ ሕግ ከአደን መሣሪያና ከጥይት ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ፤ በ1950 ደግሞ በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ላይ ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። ገንዘቡ ለየስቴቱ የሚከፋፈለው በቈዳ ስፋትና ፈቃድ በገዙት ሰዎች ብዛት ነው። ስለዚህ አዳኝ በቀነሰ ቍጥር የጥበቃው ገንዘብ መነሻ ይሳሳል ማለት ነው፤ የቈጠራው ነገር የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ ያልቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፈቃድ መዝገብ ግን ጒድለት አለበት። በብዙ ስቴቶች በገዛ መሬቱ ላይ የሚያድን ባለርስት፣ ልጆችና ሽማግሎች ፈቃድ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ በሁለት ስቴት ፈቃድ የገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። ከዚህም በላይ መዝገቡ ሰውዬው ስንት ቀን እንደ ወጣና ምን ያህል እንዳወጣ አይናገርም። ሰዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የ1955ቱ ጥናት 20.8 ሚሊዮን ዓሣ አጥማጆችና 11.8 ሚሊዮን አዳኞች እንዳሉ ገመተ። ሁለቱንም የሚያደርጉት አንድ ጊዜ ብቻ ሲቈጠሩ ጠቅላላው ወደ 25 ሚሊዮን ይደርሳል። በ1970 ዓሣ አጥማጁ 33.2 ሚሊዮን፣ አዳኙ 14.3 ሚሊዮን ሆነ። መልካም ዕድገት ይመስላል። ነገር ግን በነዚህ ጥናቶች «አዳኝ» ወይም «ዓሣ አጥማጅ» ተብሎ የተቈጠረው፣ ዕድሜው 12 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀን የወጣ ወይም ቢያንስ 5 ዶላር ያወጣ ሰው ነው። ከዚህ በታች የሆነው ከቍጥር አይገባም።

ይህን ወሰን በጥንቃቄ ብንመለከተው አንድ ነገር እናገኛለን። የሦስት ቀኑ ወሰን በ1955ም ሆነ በ1965 ያው ሦስት ቀን ነው፤ አምስት ዶላር ግን ያው አምስት ዶላር አይደለም። ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር፣ በ1955 ሁለት ቀን ብቻ አድኖ አራት ዶላር ተኩል በማውጣቱ ያልተቈጠረ ሰው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንኑ ያህል ጥይት ገዝቶ ያንኑ ሁለት ቀን ቢወጣ ሊቈጠር ይችላል። ሰውዬው ልማዱን አልለወጠም፤ የተለወጠው የጥይት ዋጋ ነው። በ1970 ወሰኑ ወደ 7.50 ዶላር ከፍ ተደረገ፤ ይህም በበኩሉ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ያለውን ንጽጽር ያውከዋል። ከ1955 እስከ 1970 ከታየው ዕድገት በዚህ መንገድ የመጣው ምን ያህል እንደ ሆነ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ይሁንና የዘመኑን ብልጽግና ብቻ ምክንያት አድርጎ መጻፍ ችኰላ ይመስለኛል።

ከ1970 በኋላ የገንዘቡና የቀኑ ወሰን ቀረ፤ አንድ ቀን ብቻ የወጣም ይቈጠር ጀመር። ዝርዝሩ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ሰዎች ላይ እንዲያተኵር ተደረገ። ስለ ሌሎቹ ትናንሽ ለውጦች እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

የሁሉም ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1991 ነው። የ1985ቱ ጥናት ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ 46.4 ሚሊዮን ዓሣ አጥማጆችና 16.7 ሚሊዮን አዳኞች ነበሩ ሲል፣ የ1991ዱ 35.6 ሚሊዮንና 14.1 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን ጣለ ማለት ነውን? እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጀልባና መንጠቆ ሻጩ ሁሉ ሱቁን በዘጋ ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሚገዛው ሰው ግን በነዚያ ዓመታት 30 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ቈይቷል።

ምስጢሩ ያለው በትዝታ ላይ ነው። እስከ 1985 ድረስ ተጠያቂው የዓመቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስታውሶ እንዲናገር ይደረግ ነበር። ሰው ደስ ያለውን ነገር ሲያስታውስ ዘመኑን ያቀርበዋል፤ ካቻምና የሄደበትን ጒዞ የዘንድሮ ያደርገዋል። ሁለት ቀን የነበረውም አራት ይሆናል። ጠበብቱ አጭርና ረዥም የትዝታ ጊዜን አስተያይተው፣ የዓመቱ ትዝታ ቍጥሩንም ወጪውንም ከመጠን በላይ እንደሚያሳድግ አረጋገጡ። ስለዚህ ከ1991 ጀምሮ የሕዝብ ቈጠራ ቢሮ ሰዎቹን በየአራት ወሩ ይጠይቅ ጀመር፤ መሥሪያ ቤቱም አዲሱን ቍጥር ከ1955–1985 ቍጥሮች ጋር ማስተያየት እንደማይገባ ገለጸ። ይህን ማስጠንቀቂያ ግን ብዙ ጸሐፊ ሳያየው ያልፋል።

እንግዲህ ሰንጠረዡ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከ1991 እስከ 2016 ዘዴው በመሠረቱ አንድ ስለ ሆነ በዚያ ዘመን ያለውን ማመን ይቻላል። አዳኞች በ1991 14.1 ሚሊዮን፣ በ1996 14.0፣ በ2001 13.0፣ በ2006 12.5፣ በ2011 13.7፣ በ2016 11.5 ሚሊዮን ሆኑ። የ2011ዱ ከፍታ አንዳንዶችን አስደስቶ ነበር፤ ነገር ግን በናሙና ላይ የተመሠረተ ግምት የራሱ ወላዋይነት ስላለው በአንድ ዓመት ቍጥር መደሰት አይገባም። በነዚህ 25 ዓመታት የሕዝቡ ብዛት እያደገ ስለ ሄደ፣ ከ16 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ መካከል የአዳኙ ድርሻ ከመቶ ከ7 በላይ የነበረው ወደ 4.5 ገደማ ወርዷል። ዓሣ አጥማጁ ግን በ2006 ወደ 30.0 ሚሊዮን ወርዶ በ2016 ወደ 35.8 ሚሊዮን ተመልሷል። የአደን መቀነስ እውነተኛ ነው የምንለው በዚህ ዘመን ማስረጃ ነው።

በ2022 ደግሞ ዘዴው እንደገና ተለወጠ። ጥናቱን ያካሄደው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የጥናት ድርጅት ሲሆን፣ መልሱም በኢንተርኔት፣ በስልክና በፖስታ ተሰበሰበ። ውጤቱ 39.9 ሚሊዮን ዓሣ አጥማጅና 14.4 ሚሊዮን አዳኝ ሆነ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ብዙ ሰው ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ ስለ ወጣ ከጭማሪው ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጥናት ብቻውን ግን እውነተኛውን ጭማሪ ከዘዴው ለውጥ ለይቶ አያሳየንም።

ይህን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው የሦስተኛው ክፍል፣ ማለት አራዊትንና አዕዋፍን የሚመለከቱት ሰዎች ቍጥር ነው። እነዚህን በሰፊው መጠየቅ የተጀመረው በ1980 ነው። በ1955 ወፍ ለማየት የወጣ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ። በ2016 86.0 ሚሊዮን የነበሩት በ2022 148.3 ሚሊዮን ሆኑ። በስድስት ዓመት 62 ሚሊዮን አሜሪካዊ በድንገት ወፍ መመልከት ጀመረ ብሎ የሚያምን አይገኝም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ መጠይቅ፣ በዚሁ ዓመት፣ ከነዚሁ ሰዎች የተገኘውን የአዳኝ ጭማሪ የሚጠራጠር ጥቂት ነው።