ዲግሪ ይዞ ወደ ነርስነት

እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን የምንኖር ሰዎች የማንሰማው ወሬ የለም። እናት በርበሬና ሽሮ ልትገዛ ትመጣና አሜሪካ ስላለችው ልጇ አጫውታን ትሄዳለች። ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጭንቀት አለ። ልጅቱ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሄዳ እዚያ አረጋውያን ትንከባከባለች። አሁን ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ግን «አራት ዓመት የደከምኩበት ዲግሪ ከንቱ ሊቀር ነው ወይ?» ትላለች። የእህታችን ልጅም ይህንኑ ጠይቃን «እንግዲህ ከሀ ሁ ጀምሪ» አልናት። ተሳስተን ነበር። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ታሪኩን የምናነሳውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው ነርስ እንዲሆን መንገድ መክፈት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነርስ ሲጠፋ፣ ኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው ቫሳር ኮሌጅ በክረምቱ ወራት የሥልጠና ካምፕ ከፈተ። ከ400 በላይ የኮሌጅ ምሩቅ ሴቶች ለ12 ሳምንት ንድፈ ሐሳቡን ተምረው ለተግባሩ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ቀድሞ በመማራቸው የሦስት ዓመቱ ሥልጠና አጠረላቸው።

በዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ማለት በአብዛኛው የሆስፒታሉ ርካሽ ጉልበት ነበረች። ይህን ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ1923 የዬል ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤት በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ዲን አኒ ጉድሪች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ጠየቀ፤ ለተመራቂዎቹም የማስተርስ ዲግሪ ሰጠ። በ1950ዎቹ ይህ በር ተዘግቶ ትምህርቱ ነርስ ለሆኑት ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን በሌላ ሙያ ለተመረቁ የሦስት ዓመት ትምህርት ተጀመረ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ መንገድ ከፍተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የነርስነትን መሠረት ይማርና ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ይወስዳል። ከዚያ የማስተርሱን ትምህርት ይቀጥላል። ማስተርሱን ለማይፈልግ ደግሞ ከ11 እስከ 18 ወር የሚፈጅ የተፋጠነ የሁለተኛ ባችለር ዲግሪ አለ። የአዲስ አበባም ሆነ የናይሮቢ ዲግሪ ያለው ሰው ውጤቱን ለሚገመግም ድርጅት ልኮ ማስመዘን ይኖርበታል። እንደ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ያሉ ትምህርቶች ከጎደሉት አስቀድሞ ያሟላል።

ጊዜው አጠረ ማለት ግን ቀለለ ማለት አይደለም። ክፍያው ከባድ ነው፤ ጎን ለጎን መሥራትም ያስቸግራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ትምህርት ቤቱ በግዛቱ የነርሶች ቦርድ የታወቀ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

የእህታችን ልጅ መንገዱን ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ ፈልጋ አገኘችው። እነዚያን ሁለት ዓመታት ያባከንናቸው እኛ ነን፣ ባላወቅነው መክረን። እናንተ ወላጆች ግን ልጆቻችሁ ሲደውሉላችሁ፣ የተማሩት አልተቃጠለምና ዲግሪያቸውን ከሻንጣ እንዲያወጡት ንገሯቸው።