ማረሻ ሠሪው

የገበሬ ታሪክ ሲነሣ ማረሻውን የሠራው ቀጥቃጭ አብዛኛውን ጊዜ ይረሳል። ቀጥቃጩ ማጭድና ቢላዋ ከመሥራቱ በፊት የገዛ መሣሪያውን መሥራት ነበረበት። ወናፉን ከፍየል ሌጦ ይሰፋል፤ ጠንካራ ድንጋይ መስፍ ይሆንለታል። አስቸጋሪው ጉጠት ነው፤ የጋለ ብረት ያለ ጉጠት አይያዝማ! ስለዚህ ረጅም ብረት መርጦ፣ ቀዝቃዛውን ጫፍ በእጁ ይዞ የጋለውን ይቀጠቅጣል። መኪና ከመጣ ወዲህ ደግሞ የተሰበረ ባሌስትራ ለቢላዋ ተመራጭ ሆነ፤ ግሎ ሲነከር ስለት ይይዛልና።

ይህ ባለሙያ ግን “ቡዳ” እየተባለ ተሰደበ፤ በብዙ ቦታም ርስት አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ አልቆመም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጠው ሲደነግግ፣ ማረሻ ሠሪውም መሬት የማግኘት መብት አገኘ።