የሚድዋይፈሪ ድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢትዮጵያ

የሚድዋይፈሪ ድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዋላጅነት ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ባለሙያዎች የሚከታተሉት የሁለተኛ ዲግሪ (ማስተርስ) ትምህርት ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው «ክሊኒካል ሚድዋይፈሪ» በሚል ስያሜ ሲሆን፣ ትምህርቱን ከሚሰጡት ተቋማት አንዱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በእናቶችና በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ ያተኮረ ተቀራራቢ የማስተርስ ትምህርት አለ።

ታሪክ

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ እናቶች ለረጅም ዘመን የሚወልዱት ቤታቸው ሆነው በዘመድ፣ በጎረቤት ወይም በልምድ አዋላጅ እጅ ነበር። ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን በአዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም መጡ። በዚያ ያገኟቸው በተራዘመ ምጥ ለፌስቱላ የተዳረጉ ሴቶች ብዛት ሥራቸውን ወደ ፌስቱላ ሕክምና አዞረው። ሆኖም ችግሩን ከምንጩ ለማድረቅ የሠለጠነ አዋላጅ በየገጠሩ መኖር እንዳለበት በማመን እ.ኤ.አ. በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ተማሪዎችን ከገጠር ተቀብሎ ከምረቃ በኋላ ወደመጡበት ክልል ይመልሳል። የኢትዮጵያ ሚድዋይፎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

የማስተርስ ትምህርት ያስፈለገበት ምክንያት

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች እንደሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የሚወለዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ አደገ። የእናቶች ሞትም በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ከ871 (በ2000) ወደ 412 (በ2016) ዝቅ እንዳለ ተገምቷል። ብዙ እናቶች ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ብዙ አዋላጆች አስፈለጉ። መንግሥትም በየክልሉ ማሠልጠኛዎችን አስፋፋ፤ ነርሶችንም በአንድ ዓመት የተፋጠነ ሥልጠና ወደ አዋላጅነት አሸጋገረ።

ይህን ሁሉ ተማሪ የሚያስተምር ሰው ግን በቂ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲዎች ባለ መጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ የሚቀጠረው በረዳትነት ሲሆን፣ ለሌክቸረርነት ማስተርስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሁለተኛ ዲግሪው አንዱ ዓላማ የሙያው መምህራን ከሙያው ከራሱ እንዲወጡ ማድረግ ነው።

ይዘትና አሰጣጥ

ትምህርቱ በመደበኛ ፕሮግራም በአብዛኛው 2 ዓመት ይወስዳል። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የምርምር ዘዴ፣ ባዮስታቲስቲክስና ኤፒዴሚዮሎጂ፣ በሆስፒታል ደግሞ አደጋ ያለበትን እርግዝና መከታተል፣ የተራዘመ ምጥን መለየት፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስን መቆጣጠርና የጨቅላ ሕፃናትን እንክብካቤ ይማራሉ። በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት ያቀርባሉ። አመልካቾች ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው በተጨማሪ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል።

የሙያ ወሰን

ባለ ማስተርስ ሚድዋይፍ የማኅፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሐኪም አይደለም። በቀዶ ሕክምና ማዋለድ የሐኪሞች ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ የሚሠለጥኑት የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችም ይህን ይሠራሉ። የሚድዋይፏ ድርሻ ጤናማውን ወሊድ መምራት፣ የአደጋ ምልክትን ቀድሞ መለየት፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ሳይዘገይ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ነው።

ከምረቃ በኋላ

ምሩቃን በመምህርነት፣ በሆስፒታል፣ በጤና ቢሮዎችና በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይሠራሉ። የሙያው ዋና ጥያቄም እዚህ ላይ ይነሳል፤ ዲግሪው ልምድ ያላትን አዋላጅ ከማዋለጃ ክፍል አውጥቶ ወደ መማሪያ ክፍል ወይም ወደ ቢሮ ሊወስዳት ይችላል። እሷ ስትሄድ በሌሊት ተረኛ የምትሆነው አዲስ ተመራቂ ብቻዋን ልትቀር ትችላለች። ሆኖም አንዲት መምህርት በዓመት የምታስተምራቸው በርካታ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ብዙ እናቶችን ያዋልዳሉ። በስያሜው ውስጥ ያለው «ክሊኒካል» የሚለው ቃል ሁለቱን ለማስታረቅ ይረዳል፤ ትርጉሙም መምህርቷ ተማሪዎቿን ከወላዷ አልጋ አጠገብ ቆማ ታስተምር ማለት ነው።

እጥረቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ሚድዋይፈሪ ሁኔታ ሪፖርት ዓለም 900,000 ያህል ተጨማሪ አዋላጆች እንደሚያስፈልጓት አመልክቷል።