የትንፋሽ መሣሪያው ቁጥርና የነቀምቴ አየር

እንቅልፍ ላይ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸውን ሰዎች በአየር ግፊት መርዳት የተጀመረው በሲድኒ ነው። ዶክተር ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ የአቧራ መጥረጊያ ሞተር በሚነፋው አየር የታማሚውን ጉሮሮ በአፍንጫ በኩል ከፍተው ማሳደራቸውን ገለጹ። በ1990 ደግሞ ሳንደርስና ከርን የተባሉ ተመራማሪዎች ግፊቱን ለሁለት ከፈሉት፤ ታማሚው አየር ሲስብ ከፍ፣ ሲያስወጣ ዝቅ የሚል ሆነ።

ልኩ የሚገኘው ሌሊቱን በመከታተል ነው። ዝቅተኛው ግፊት መታፈኑ እስኪቆም፣ ከፍተኛው ደግሞ ማንኮራፋቱና የትንፋሹ ማነስ እስኪወገድ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ይህ የሐኪም ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ በወለጋ ከተሞች ለምንሠራ መሐንዲሶች ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ የታዘዘው ግፊት በእርግጥ ጉሮሮ ይደርሳልን?

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፍጥነቱ የማይለወጥ መንፊያ የሚሰጠው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ ለ10 ሴንቲ ሜትር ውሃ የተስተካከለ አሮጌ መሣሪያ ነቀምቴ ላይ 8 ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ታማሚው ዝቅ ወዳለችው ኡኬ ቢወርድ ደግሞ መልሶ ከፍ ይላል። የኋለኞቹ መሣሪያዎች ግፊቱን እየለኩ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የቀድሞዎቹ ግን ከፍታው በእጅ ካልተሞላላቸው ያታልላሉ (እኔ በበኩሌ ያገለገለ መሣሪያን ሁሉ ሳልለካ አላምንም)።

መለኪያው ውድ አይደለም። ግማሹ ውሃ የተሞላ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፈ ግልጽ ቱቦና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከጭምብሉ አጠገብ ገጥመን በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል ያለውን ልዩነት በሴንቲ ሜትር ስንለካ የምናገኘው እውነተኛው ግፊት ነው፤ በነቀምቴም ሆነ በኡኬ።