የሦስት ዘመን ቆጠራዎች መገናኛ ቁጥር

በባሌ ደጋ፣ በጎባና በሮቤ፣ ሦስት የዘመን ቆጠራዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያን በባሕረ ሐሳብ፣ መስጊድ በሒጅራ ይቆጥራሉ፤ የገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣንን በየ8 ዓመቱ ያስተላልፋል። ሮቤ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደበት መደ ወላቡ የገዳ፣ ድሬ ሼኽ ሑሴን ደግሞ የእስልምና ታሪክ ታላላቅ ስፍራዎች ናቸው። ታዲያ ሦስቱ ቆጠራዎች ከአንድ ቀን ቢነሡ ዳግመኛ በአንድ ቀን የሚገናኙት መቼ ነው?

የልዩነታቸው መነሻ 11 ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን በመሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ይጎድላል። ትውፊት ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ይህን ልዩነት አበቅቴ ብሎ እየሰበሰበ በ19 ዓመት ዑደት ያስተካክለዋል። ዕለታትና ዘመነ ወንጌላውያን በ28 ዓመት ስለሚመለሱ፣ 19 በ28 ሲባዛ 532 ዓመት ይሆናል፤ ይኸውም ዐውደ ቀመር የሚባለው ነው። በቀን ሲቆጠር 194,313 ይደርሳል። 14ኛው ዐውደ ቀመር የተፈጸመው በ7448 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም በ1948 ዓ.ም. ነበር።

ሒጅራ ጉድለቱን ሳያስተካክል ስለሚጓዝ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። የወሩ መግቢያ ጨረቃን በማየት ቢወሰንም፣ የመካከለኛው ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት 30ውን ዓመት ከ11 ተጨማሪ ዕለታት ጋር 10,631 ቀን አድርገው ቀምረውታል።

የጥያቄው መልስ ያለው በዚህ ቁጥር ጠባይ ነው። 10,631 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እስከ 103 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ብንሞክረው ያለ ቀሪ አይካፈልም። 194,313 ደግሞ የ3፣ የ7፣ የ19ና የ487 ብዜት ነው። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው የሚገናኙት ከ2,065,741,503 ቀናት፣ ማለትም ከ5,655,692 ዓመታት በኋላ ይሆናል። የገዳው 8 በፀሐይ ዓመት ቢታሰብ ከ532 ጋር 4ን ስለሚጋራ ውጤቱን እጥፍ ብቻ ያደርገዋል፦ 11,311,384 ዓመት። ይህም የድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ያስከነዳል።

ሕዝቡ ግን ይህን ቀን አልጠበቀም። በ2015 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ሲውሉ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ሰሞን ጾሟል። ሦስቱም ቆጠራዎች ግን በየባለሙያዎቻቸው እጅ ተወስነው ቀርተዋል። ትንሹን የጋራ ብዜት የምናስተምር የማኅበራችን አባላት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሮቤ ተማሪ 532ን ከመሪጌታው፣ የጨረቃውን ወር ከሼኹ፣ 8ን ከአባ ገዳው ጠይቆ ቢመጣ፣ ትምህርቱም ይሠምርለታል፤ የአያቶቹም ዕውቀት ከመጥፋት ይድናል።